ከምድጃ ዳር እስከ ቅኔ ቤት
የሕፃናት አንደበትና አስተሳሰብ በጎንደር ደጋ የትምህርት ታሪክ

በጎንደር ከተማና ከእርሷ በስተሰሜን እስከ ትክል ድንጋይ በሚዘልቀው የላይ አርማጭሆ ምድር፣ ለብዙ ትውልድ አንድ ሕፃን አፉን የሚፈታው በአንድ ቋንቋ፣ ፊደል የሚቆጥረው ግን በሌላ ቋንቋ ነበር። በአማርኛ ወይም በቅማንትኛ እሹሩሩ ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሞላው ወደ ደብሩ ቅጥር ይወሰድና ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ በቤቱ ማንም የማይነጋገርበትን ግዕዝ በዜማ ማንበብ ይጀምራል። የሚያነበውን ትርጉም የሚነግረው የለም፤ እርሱም አይጠይቅም። ትርጉሙን የሚያገኘው፣ ትምህርቱን ሳያቋርጥ የገፋ እንደ ሆነ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የዛሬ መምህራን ይህን ሥርዓት ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ፍርድ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «ልጁ ሳያስተውል ይሸመድድ ነበር፤ ዛሬም በየክፍሉ የሚታየው የሽምደዳ ልማድ ከዚያ የተወረሰ ነው» የሚል ነው። ፍርዱ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። በቃል መያዝ የቀድሞው ትምህርት አንድ ክፍል እንጂ ሙሉ አካሉ አልነበረም። ከእርሱ በፊት የምድጃ ዳር ጨዋታ ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ ቅኔና ትርጓሜ ይከተሉ ነበር። የሕፃኑ አንደበትና አስተሳሰብ ያድግ የነበረው በእነዚህ በሦስቱ መካከል ነው። አንዱ ከሌላው ሲለይ ምን ጉዳት እንደሚደርስ ለመረዳት የጎንደር ደጋ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

አፍ መፍታት፣ ነፍስ ማወቅ፣ ልብ መግዛት

የአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ የሕፃንን ዕድገት የሚለካባቸው የራሱ ቃላት አሉት። ልጅ መጀመሪያ «አፉን ይፈታል»፤ ቀጥሎ «ነፍስ ያውቃል»፤ በመጨረሻም «ልብ ይገዛል» ይባላል። አፍ መፍታት የሚለው አነጋገር ንግግር ከውጭ የሚጨመር ዕቃ ሳይሆን ታስሮ የነበረ፣ ጊዜው ሲደርስ የሚለቀቅ ችሎታ መሆኑን ያመለክታል። ነፍስ ማወቅ ልጁ ራሱን ከሌላው፣ የሚጎዳውን ከሚጠቅመው መለየት የሚጀምርበትን ዕድሜ ይጠቁማል። ልብ መግዛት ደግሞ ወጣቱ የራሱ ሐሳብ ባለቤት መሆኑን ይናገራል። አንደበት ይቀድማል፤ ማወቅ ይከተላል፤ ራስን መግዛት ይደመድማል። ይህ ቅደም ተከተል ከመጻሕፍት የተቀዳ አይደለም፤ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች በማስተዋል የደረሱበት ነው።

አፍ የሚፈታበት ስፍራ ምድጃ ዳር ነው። እዚያ የሚሰማው አማርኛ ከሕፃኑ ብዙ ይጠይቃል። አንድ ግስ ብቻውን አድራጊውን፣ ጾታውን፣ ቁጥሩንና ክብሩን ይሸከማል። «መጣ»፣ «መጣች»፣ «መጡ» ብሎ ለመለየት ልጁ ስለ ማን እንደሚናገር አስቀድሞ ማሰብ አለበት። በጎንደር ልማድ ደግሞ ታናሹን «አንተ» ወይም «አንቺ»፣ ታላቁን «አንቱ» ማለት ግዴታ ነው። ጎረቤትን «አንተ» ብሎ የጠራ ልጅ ወዲያው ይታረማል። የሚታረመውም የሰዋስው ስሕተት ሠራህ ተብሎ ሳይሆን ነውር ሠራህ ተብሎ ነው። ስለዚህ ለደጋው ልጅ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ማለት የሚያነጋግረው ሰው በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለውን ቦታ መመዘን ማለት ነው። ቋንቋና አስተሳሰብ አብረው ማደግ የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

ማታ እሳቱ ዙሪያ የሚቀርበው ተረትና እንቆቅልሽም የራሱ ትምህርት ነበረው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ ልጅ የቃሉን ላይኛ ትርጉም ትቶ ሌላ ለመፈለግ ተስማማ ማለት ነው። ቢቆርጡት የማይደማ፣ ቢመቱት የማይጮኽ ነገር ምን እንደ ሆነ የተጠየቀ ሕፃን፣ ውሃ መሆኑን እስኪያገኝ ድረስ ያያቸውን ነገሮች ሁሉ በሐሳቡ እየደረደረ ይመረምራል። ያቃተው እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም አንድ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። አለማወቅ በዚህ ጨዋታ የሚያስቀጣ ጥፋት አልነበረም፤ ሁሉንም የሚያስቅ የጨዋታው ክፍል ነበር። ከብት ሲጠብቁ የሚውሉ ልጆች ደግሞ በቃላት መካከል ሌላ ድምፅ እየሰገሰጉ «የወፍ ቋንቋ» በሚሉት ንግግር ታላላቆቻቸው እንዳይሰሟቸው አድርገው ይነጋገሩ ነበር። ይህን ለማድረግ ቃሉን ወደ ድምፅ ክፍሎቹ መሰነጣጠቅ ያስፈልጋል። ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ጆሮው የቃልን ክፍልፋይ የለየ ልጅ የማንበብን ግማሽ መንገድ ሄዷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ምድጃ ዳር ሁሉ ጨዋታ አልነበረም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ምሳሌ እንደሚያሳየው፣ በታላላቆች ሸንጎ የልጅ ሐሳብ ዋጋ አልነበረውም። ልጅ በትልልቆች ፊት ዝም ማለት፣ እንግዳ ሲመጣ ቆሞ እግር ማጠብና ወሬ ሰምቶ አለመድገም ይጠበቅበታል። በነጻነት የሚናገረው ከእኩዮቹና ከአያቶቹ ጋር ሲሆን ብቻ ነበር። የምድጃ ዳሩ ትምህርት ጠንካራም ደካማም ጎን እንደነበረው ሳይዘነጋ ወደ ሁለተኛው ቤት መሻገር ይገባል።

የፊደል ቤት

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 በዐፄ ፋሲል ዘመን የመንግሥት መቀመጫ ከሆነች በኋላ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት በከተማዋና በዙሪያዋ እየሰፋ ሄደ። ከፍ ያሉት ጉባኤያት በየስፍራው ተደልድለው ነበር። አቋቋም በጎንደር በአታ፣ ድጓ በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥእት በዙር አምባ ይመሰከር ነበር። ከእነዚህ ሁሉ በታች፣ በየገጠሩ ደብር የሚገኘው የፊደል ቤት መሠረቱ ነው።

የፊደል ቤት ሥርዓት ከሩቅ ለሚያየው ጩኸት ብቻ ይመስላል። ቀርቦ ላስተዋለው ግን በደረጃ የተሠራ ነው። ልጁ በመጀመሪያ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተርታ ይቆጥራል። በግዕዝ 26፣ በአማርኛ 33 የሚሆኑት ዋና ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 182 እና 231 ይሆናሉ። ተርታውን በቃሉ ያወቀ ልጅ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሊወርደው ይችላል። ችግሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ዜማውን የያዘ ልጅ ሁሉ ፊደሉን ለይቷል ማለት አይደለም። የጥንት መምህራን ይህን በሚገባ ያውቁ ስለነበር፣ ልጁን ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ኋላ ያስቆጥሩት ነበር። ከዚያም «አ ቡ ጊ ዳ» ወደሚባለው ሁለተኛ ገበታ ያሻግሩታል። በዚህ ገበታ የፊደላቱ ቅደም ተከተል ተለውጦ፣ ድምፁም በየፊደሉ አንድ አንድ እየዘለለ ይሄዳል። የለመደውን ዜማ የሚከተል ልጅ እዚህ ይሳሳታል፤ የሚያልፈው እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ የለየ ብቻ ነው። አቡጊዳ እንግዲህ ሽምደዳን የሚፈትንና የሚያጋልጥ ፈተና ነበር።

ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ ይመጣል። እርሱንም ልጁ በቁጥር፣ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየደጋገመ ይወጣዋል። በመጀመሪያ ፊደል በፊደል ይለያል፤ ቀስ በቀስም ቃልን ከቃል ያያይዛል፤ በመጨረሻ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የተባሉትን የንባብ ስልቶች ጠብቆ ያለ መሰናክል ያነባል። እነዚህ ስልቶች ጌጥ ብቻ አይደሉም። አንድ ቃል በየት በኩል እንደሚነሣ ወይም እንደሚወድቅ መለየት የቃሉን ሰዋስዋዊ ባሕርይ ሳያውቁት መልመድ ነው። ትርጉሙ ገና ሳይገለጥለት የቋንቋው አጥንት በጆሮው ይቀረጻል። ዳዊትን የደገመ ልጅ ለወላጆቹ ኩራት ነበር፤ ዕለቱም በድግስ ይከበር ነበር። ማታ ማታ ደግሞ መጽሐፍ ሳይዝ፣ ውዳሴ ማርያምንና የመሳሰለውን ከመምህሩ ወይም ከታላቅ ተማሪ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠና ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መታወስ አለባቸው። አንደኛው፣ ታናሹን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምረው መምህሩ ሳይሆን ከእርሱ ጥቂት ቀደም ያለው ልጅ ነበር። ትናንት በአቡጊዳ የተቸገረ ልጅ ዛሬ ሌላውን ያስቆጥራል፤ እያስቆጠረም የራሱን ያጸናል። ሁለተኛው፣ በሚገባው ባልተማረው ቋንቋ ማንበብ የጀመረው የክርስቲያኑ ልጅ ብቻ አልነበረም። በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የእስላም ልጆች ቁርአንን በዐረብኛ ከእንጨት ሉሕ ላይ ይቀሩ ነበር። በወለቃና በሌሎች መንደሮች ይኖሩ የነበሩት፣ በኋላም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤልም፣ ካህናቶቻቸው ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነበር። በሦስቱም ዘንድ የመጀመሪያው ጽሑፍ ቅዱስ እንጂ የዕለት መነጋገሪያ አልነበረም።

በቃል የመያዝን ጥቅም ታሪክም መስክሮለታል። በ1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር ጎንደርን በወረረና አብያተ ክርስቲያናቷን ባቃጠለ ጊዜ፣ ከቤቶቹ ጋር ብዙ መጻሕፍት ጠፍተዋል። ትምህርቱ ግን አልጠፋም፤ በሊቃውንቱ ልብ ውስጥ ነበርና። ወረቀት ውድ በሆነበት፣ ጦርነትና ቃጠሎ በሚደጋገምበት አገር የልጅን ጭንቅላት መዝገብ ማድረግ የስንፍና ሥራ አልነበረም።

ከቃል ወደ ምሥጢር

የፊደል ቤትን ብቻ ያየ ሰው ሥርዓቱ እዚህ ላይ የሚያበቃ ይመስለዋል። ነገር ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ቁራሹን የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ከአገር አገር የሚዞረው ለሦስተኛው ቤት፣ ማለትም ለቅኔ ነበር።

ወደ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመጀመሪያ ግስ ይወርዳል፤ ርባ ቅምርንና አገባብን ይማራል። ለዓመታት ያለ ትርጉም ያነበበው ዳዊት አሁን ቃል በቃል ይፈታለታል። በአማርኛ ግስ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ይመጣል፤ በግዕዝ ግን ብዙ ጊዜ ይቀድማል። አማርኛው «ንጉሥ መጣ» የሚለውን ግዕዙ «መጽአ ንጉሥ» ይላል። የቋንቋ ምሁራን እንደሚሉት፣ አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ የወሰደው ከኩሻዊ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው ጋር ረዥም ዘመን አብሮ በመኖሩ ነው። የቅኔ ተማሪው ይህን ታሪክ ባያውቅም፣ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ሲመላለስ አንድ ሐሳብ በሁለት መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ይረዳል። ቋንቋን ከውጭ ሆኖ እንደ መሣሪያ መመልከት የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው ማስታወስ ሳይሆን መፍጠር ነው። ተማሪው ጠዋት ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ብቻውን ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል፤ እያጉተመተመም ቅኔ ይቆጥራል። የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያም ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ፣ ስምንት ቤት ወዳለውም ወደ መወድስ ይወጣል። ማታ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም ያልተስማማውን ያቃኑለታል። በዚህ ቤት የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ታላቅ ነውር ነው። አንድ ቅኔ አንድ ጊዜ ይባላል፤ በማግሥቱ አዲስ ይጠበቃል። አዲሱም ሰምና ወርቅ ሊኖረው ይገባል፤ ላይኛው ነገር አንድ፣ ውስጠኛው ነገር ሌላ ሆኖ ሁለቱ በአንድ ቃል ይገናኛሉ። በእንቆቅልሽ የተጀመረው የሕፃንነት ጨዋታ በቅኔ ሊቅነት ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

የትርጓሜ ቤትም ይህንኑ ያጠነክራል። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች የተለዩት በጎንደር ሲሆን፣ የታች ቤቱ ሥርዓት ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ጉባኤ አንድ ንባብ ከተፈታ በኋላ «አንድም» ተብሎ ሌላ ፍቺ ይጨመርበታል፤ እንደገና «አንድም» ይባላል። ተማሪው አንድ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ አለው ከሚለው ሐሳብ ይላቀቃል። በሕዝቡ አነጋገር ልብ መግዛት የሚባለው ይህ ነው።

ነገር ግን እዚህ የደረሱት ስንቶች ናቸው? የፊደል ቤት ተማሪዎች አብዛኞቹ ዳዊት ሳይደግሙ ወይም እንደ ደገሙ ወደ እርሻ ይመለሱ ነበር። ሴቶች ልጆች ከጥቂቶች በቀር ከደጁም አልደረሱም፤ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው እጅግ ብርቅ ስለነበሩ ነው። አርጩሜውና ረኃቡም ብዙዎችን አስቀርቷል። የቀድሞው ሥርዓት ትልቁ ጉድለት መሸምደዱ አልነበረም፤ የመሸምደዱን ዋጋ የሚከፍለውን ደረጃ ለጥቂቶች ብቻ መስጠቱ ነበር።

ሁለት ሊቃውንትና አንድ ጥናት

የሕፃናት አንደበትና አስተሳሰብ በሥነ ልቡና ሊቃውንት መመርመር የጀመረው በዘመናችን ነው። ስዊስ አገር የተወለደው ዣን ፒያዤና የሩስያው ሌቭ ቪጎትስኪ ሁለቱም በ1896 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ናቸው። ፒያዤ በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ትንንሽ ልጆች ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ አስተውሎ፣ ይህ ንግግር የሌላውን አመለካከት ገና አለመረዳታቸውን እንደሚያሳይ ጻፈ። ቪጎትስኪ በሞተበት ዓመት በ1934 በታተመው ሥራው ይህን ተቃወመ። በእርሱ አስተያየት ንግግር ከመጀመሪያው ከሰው ጋር ነው፤ ለራስ መናገሩ ከዚያ ይመነጫል፤ በመጨረሻም ወደ ውስጥ ገብቶ ዝም ያለ ሐሳብ ይሆናል። ልጅ ብቻውን የማይደርስበትን ከእርሱ በተሻለ ሰው እርዳታ እንደሚደርስበትም አስተምሯል። ታናሹን ያስቆጥር የነበረውን የፊደል ቤት ልጅና ወንዝ ዳር ሲያጉተመትም ይውል የነበረውን የቅኔ ተማሪ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትምህርት እንግዳ አይሆንም።

የቪጎትስኪ ባልደረባ አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 እና በ1932 እ.ኤ.አ. ወደ ኡዝቤኪስታን ሄዶ ያልተማሩ ገበሬዎችን ጠየቀ። በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው ብሎ ነግሮ፣ በዚያ የሚገኝ የአንድ ስፍራ ድብ መልኩ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቃቸው፣ አንዳንዶቹ «አላየሁምና አላውቅም» የሚል መልስ ሰጡት። ሉሪያ ትምህርት የሰውን አስተሳሰብ ራሱን እንደሚለውጥ ደመደመ። ሆኖም ያላዩትን አለመመስከር የማሰብ ጉድለት ነው ማለት ያስቸግራል። በጎንደር ደጋ በዛፍ ሥር ሸንጎ «ተጠየቅ» ተባብሎ የሚከራከር ገበሬም ምስክርን የሚመዝነው በዚሁ ሚዛን ነበር፤ ማታ ግን ልጆቹን ፈጽሞ ያልታየ ነገር በእንቆቅልሽ ይጠይቃቸዋል። አንድ ሰው የሚያስብበት መንገድ እንደ ቦታው ይለያያል።

ይህን በግልጽ ያስረዳው በላይቤሪያ በቫይ ሕዝብ መካከል የተደረገውና ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። ቫዮች እንደ ፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት አንድ የቃል ክፍል የሚወክልበት የራሳቸው ጽሕፈት አላቸው። ይህንንም በ19ኛው መቶ ዓመት የፈጠሩት ሲሆን፣ ያለ ትምህርት ቤት ከሰው ሰው ይማማሩታል። ሌሎች ደግሞ ቁርአንን በዐረብኛ በቃላቸው ያጠናሉ። የቀሩትም በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይማራሉ። ሦስቱን ያነጻጸሩት ተመራማሪዎች ማንበብ ብቻውን አጠቃላይ የማሰብ ኃይል እንደሚሰጥ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። በቫይ ጽሕፈት የሚጻጻፉት የቃል ክፍሎችን አገናኝቶ ንግግር በመረዳት ቀደሙ፤ ቁርአን ያጠኑት በተርታ የሚጨመሩ ቃላትን በማስታወስ በለጡ፤ ትምህርት ቤት የገቡት መልሳቸው ለምን ትክክል እንደ ሆነ በማስረዳት ተሻሉ። በአጭሩ እያንዳንዱ ልማድ የሚያሳድገው ራሱ የሚያሠራውን ችሎታ ነው። ማስታወስን ብቻ የሚያሠራ ቤት ማስታወስን ያሳድጋል፤ ማስረዳትን የሚያሠራ ቤትም ማስረዳትን።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ምን ወረሰ?

ዘመናዊ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1908 በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ክፍላተ ሀገር ተስፋፋ። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ አማርኛ በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ ከዚያ በላይ ግን እንግሊዝኛ ቀጠለ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደቱ 15 የአገሪቱን ቋንቋዎች ተጠቀመ። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ወሰነ። ለጎንደር ከተማና ለአካባቢዋ የአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ የምድጃው ቋንቋና የመጀመሪያው የመጽሐፍ ቋንቋ በመጨረሻ ተገናኙ።

ይሁን እንጂ የአሠራሩ ውርስ ሌላ ነገር ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ከአሮጌው በብዛት የወሰደው የመካከለኛውን ቤት ልማድ፣ ማለትም ተቀብሎ መመለስን ነው። እርሱንም ሲወስድ አቡጊዳውን፣ ልጅ ልጅን ማስተማሩንና የንባብ ዜማውን ትቶ ነው። ከፊቱ የነበረው የምድጃ ዳር ጥያቄና ከኋላው የነበረው የቅኔ ነገራ ወደ ክፍል አልገቡም። ግዕዝ ለዳዊት ተማሪ የነበረውን እንግሊዝኛ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆነ፤ ልጁ ደብተሩን በማይነጋገርበት ቋንቋ ሞልቶ ለፈተና ይይዘዋል። የዳዊቱ ተማሪ ግን ከፊቱ ንባቡን የሚፈታ የቅኔ ቤት እንዳለ ያውቅ ነበር። የሁለተኛ ደረጃው ተማሪ የያዘውን የሚፈታበት፣ የራሱን ሐሳብ ቆሞ የሚነግርበት ማታ ብዙውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ የዛሬው ሽምደዳ የጥንቱ ልጅ ቢሆንም፣ ካባቱ ቤት ግማሹን እንኳ አልወረሰም።

የተዘጋ ምድጃ

ሦስተኛው ትምህርት ከትክል ድንጋይ አካባቢ ይገኛል። በላይ አርማጭሆና በጭልጋ ከጥንት ጀምሮ ቅማንትኛ ይነገር ነበር። ቋንቋው ከአገው ወገን ሲሆን የአዊኛ፣ የኽምጣኛና የብሌን ዘመድ ነው። ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 እ.ኤ.አ. ስለ ቋንቋው መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ጋምስት ስለ ሕዝቡ ኑሮ የጻፈው መጽሐፍ በ1969 ሲወጣ፣ ቋንቋው ቦታውን ለአማርኛ እየለቀቀ ነበር። ኢትዮጵያዊው የቋንቋ ምሁር ዘለዓለም ልየው በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የዚህን መተካት ሂደት በዝርዝር መረመሩ። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት ነን ሲሉ፣ ቅማንትኛ አፍ መፍቻዬ ነው ያሉት 1,650 ብቻ ነበሩ።

ይህ የሆነው ሕዝቡ ስላለቀ አይደለም። ወላጆች በገበያ፣ በፍርድ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት የሚጠቅመው አማርኛ መሆኑን አይተው፣ ለልጆቻቸውም የተሻለ ዕድል ተመኝተው፣ ምድጃ ዳር ቋንቋቸውን ለወጡ። የአነጋገር ንቀትም ገፋፋቸው። ቅማንትኛ ለአዛውንት መጫወቻና ልጆች እንዳይሰሙ ለሚፈለግ ምሥጢር መነጋገሪያ እየሆነ ቀረ። ቋንቋ የሚሞተው የመጨረሻው ሽማግሌ ሲቀበር ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የሚሞተው ከዚያ ሃምሳ ወይም ስድሳ ዓመት አስቀድሞ፣ በእርሱ አፉን የሚፈታ ሕፃን በታጣ ዕለት ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ፖሊሲ በ1986 ሲመጣ፣ በአማራ ክልል አዊኛ፣ ኽምጣኛና ኦሮምኛ ወደ ክፍል ገቡ። በቅማንትኛ ግን ክፍል ሊሞላ የሚችል አፍ የፈታበት ልጅ አልነበረም። ምድጃው ከተዘጋ በኋላ የመጣ ትምህርት ቤት ብቻውን እሳቱን መልሶ ማንደድ ይቸግረዋል።

በዚህ ለውጥ ልጆቹ ማሰብ አላቆሙም፤ በአማርኛ አስበዋል፣ በአማርኛም ተምረዋል። የተቋረጠው በአያትና በልጅ ልጅ መካከል የነበረው መስመር ነው። አያት በወጉ የምታውቀውን ተረትና ምክር ስትነግረው የማይሰማት ልጅ፣ ከሦስቱ ቤቶች የመጀመሪያውን ባዶ አድርጎ አልፏል።

ለመምህሩ የቀረው

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ምክር ወደ ደበሎና ወደ አርጩሜ መመለስ አይደለም። የቀድሞዎቹ መምህራን የልጅ አንደበትና አስተሳሰብ በአንድ ዘዴ ብቻ እንደማያድግ በተግባር ያውቁ ነበር። አቡጊዳ የሚያስተምረው ልጅ የደገመውን ማወቁን በአዲስ ቅደም ተከተል መፈተን ነው፤ ይህን ማንኛውም የሒሳብ ወይም የሳይንስ መምህር በነገው ክፍለ ጊዜ ሊያደርገው ይችላል። የነገራው ማታ የሚያስተምረው ልጁ የራሱን ሥራ ቆሞ ተናግሮ መታረም እንዳለበት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ጆሮ ነው። የእንቆቅልሹ ሥርዓት የሚያስተምረው ያላወቀ ልጅ «አገር ሰጥቶ» በጨዋታው ሊቀጥል እንደሚገባ ነው፤ አለማወቁን የፈራ ልጅ አይጠይቅምና።

ከሁሉ በላይ ግን ወደ አንደኛ ክፍል የሚገባ ሕፃን ባዶ ሆኖ እንደማይመጣ ማስታወስ ያሻል። ስድስት ዓመት ሙሉ ምድጃ ዳር ተምሯል፤ በአማርኛም ይሁን በሌላ ቋንቋ አፉን ፈትቷል፣ ነፍስ ማወቅም ጀምሯል። ከዚያ በላይ ወዳለው ደረጃ እንዲወጣ፣ በሕዝቡ አነጋገር ልብ እንዲገዛ፣ ማገዝ የመምህሩ ሥራ ነው። የጎንደር ቅኔ ቤቶች ይህን ለጥቂቶች አድርገውታል። ለሁሉም ማድረግ ለዛሬው ትምህርት ቤት ቀርቷል።